ቀንዱ ወደ ዓይኑ የታጠፈው በሬ

«አንተስ፣ በሬህ ምን ይመስላል?»

እንዲህ ብለው የጠየቁኝ የጓደኛዬ አያት ናቸው። «አንተ» ያሉት ደግሞ እኔን ነው። የሳቸው አማርኛ ውስጥ ሴት የለችም፤ ፖሊሱም እኔም ዶሯም «አንተ» ነን። ያኔ የአስራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። በሬ ከየት አመጣለሁ? እኛ ቤት የነበረው ብቸኛ እንስሳ የጎረቤት ድመት ነው፤ እሱም ለምሳ ብቻ ነበር የሚመጣው።

ዛሬ ጠዋት ያስታወሰኝ ጠረን ነው። የማንጎ ጣውላ እየቆረጥኩ ሰጋቱራው አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። የማንጎ ሰጋቱራ ጣፈጥም ኮምጠጥም ይላል፣ ትናንት ተልጦ የተረሳ ፍሬ ይመስላል። አሁን ተመርቄ ጋምቤላ ቤተሰቦቼ ጋ ቁጭ ብያለሁ። «ሥራ አገኘሽ?» የምትሉ ካላችሁ፣ አላገኘሁም። ወደ ወሬዬ ልለፍ። ወሬው በቀጭን መጋዝ ቅርጽ መቁረጥ ጀምራችሁ ምላጭ በምላጭ ላይ እየሰበራችሁ «ይሄ ነገር ለኔ አልተፈጠረም» ላላችሁት ነው። እኔም ብያለሁ፤ ያውም ጮክ ብዬ።

መጋዙን የሰራው አባቴ ነው። አባቴ የፊዚክስ አስተማሪ ነው፣ ከደጋ ተመድቦ መጥቶ እዚሁ የቀረ። የእናቴ የልብስ ስፌት መኪና ሲሞት እግሩን አልጣለውም። ከላዩ የእንጨት ክንድ ገጠመለትና ከክንዱ ጫፍ ላይ ክር የምታክል ምላጭ ወጠረ። ፔዳሉ ሲረገጥ ምላጩ ወደ ላይ ወደ ታች ይሮጣል። መብራት መጣ ሄደ አያገባውም፤ እኛ ሰፈር ደግሞ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

መጀመሪያ ቀን ያሳየኝን ሳስበው አሁንም ይገርመኛል። ከጣውላው መሀል ትንሽ ቀዳዳ በሳ። ምላጩን በአንድ በኩል ፈታው፣ በቀዳዳው አሾለከው፣ መልሶ አሰረው፣ ረገጠ። ከጣውላው ሆድ ውስጥ ኮከብ ወጣ! ጠርዙ እንዳለ ነው፣ ጭረት እንኳን የለውም። ጣውላውን ተቀብዬ ምላጩ በየት በኩል እንደገባ ዙሪያውን ፈለግኩ።

«አስማት ነው?» አልኩት።

«ትዕግስት ነው» አለኝ። በጣም ተናደድኩ። አስማት ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ አስማት ቶሎ ያልቃል።

ጓደኛዬ ከአጥራችን ማዶ ነበር የምትኖረው፤ ቤተሰቧ ኑዌር ናቸው። እኔም እንደሷ አያቷን «ጓንዶንግ» ነበር የምላቸው፣ በቋንቋቸው ወንድ አያት ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ ግቢያቸው ውስጥ ዛፍ ስር ይቀመጣሉ። ረጅም ናቸው፤ ተቀምጠው እንኳን ከቆመ ሰው ጋር ዓይን ለዓይን ይገጥማሉ። ከብት እንደሚወዱ ስለማውቅ አንድ ቀን በሬ ቆርጬ ወሰድኩላቸው። የትምህርት መጽሐፍ ላይ እንዳለው በሬ፣ ሁለት ቀንድ፣ ግራና ቀኝ እኩል። በራሴ በጣም ኮርቼ ነበር።

ጓንዶንግ አገላብጠው አዩትና ለልጅ ልጃቸው የሆነ ነገር አሏት።

«የማን በሬ ነው? እያሉሽ ነው።»

«የማንም አይደለም፣ በሬ ነው በቃ።»

ተረጎመችላቸው። ግቢው በሳቅ ፈረሰ። እናቷ የምታሰጣውን ልብስ ይዛ ገመዱ ላይ ተንጠለጠለች።

«የማንም ያልሆነ በሬ አለ እንዴ፣ አንቺ ቀይዋ!» አለችኝ ጓደኛዬ። እኛ ቤት ጠቋሯ እኔ ነኝ፤ አጥሩን ስሻገር ግን ቀይዋ እሆናለሁ።

ጓንዶንግ አልሳቁም። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ስለራሳቸው በሬ ማውራት ጀመሩ፣ ጓደኛዬ ከስር ከስር ትተረጉማለች። ዳለቻ ነው፣ ጀርባው ላይ ነጭ መስመር አለው። ግራ ቀንዱ ወደ ፊት ታጥፎ ዓይኑ አጠገብ ይደርሳል፣ ቀኙ ወደ ኋላ ይሄዳል። እንደዛ ሆኖ አልተወለደም። ጓንዶንግ ወጣት ሆነው፣ ቀንዱ ገና ለጋ እያለ፣ ወደሚፈልጉት በኩል እንዲያድግ ጫፉን በሰያፍ ቆርጠውት ነው። ከዚያ ጠበቁ። ክረምት አልፎ ክረምት ሲመጣ ቀንዱ በቀስታ፣ በቀስታ ወደ ተነገረው አቅጣጫ ዞረ። ሰው እሳቸውን በበሬው ስም ነበር የሚጠራቸው። ጦርነት መጥቶ ወንዝ ሲሻገሩ በሬው ከማዶ ቀረ።

እኔ ለአንድ ኮከብ ትዕግስት ያልቅብኛል፣ እሳቸው ቀንድ እስኪዞር ክረምት ቆጥረዋል!

ስንወጣ ጓደኛዬ ድምጿን ቀነስ አድርጋ፣ «ያን በሬ በዓይኑ ያየ ሰው ከሳቸው በቀር አልቀረም» አለችኝ። «መንገዱ ሲደርቅ ደግሞ ማታር ከተማ ዘመዶቻችን ጋ ሊሄዱ ነው። አርጅተዋል፣ አይመለሱም።»

«እኔ እሰራዋለሁ» አልኩ። ሳላስብ ነው ያልኩት። እኔ ነገር ሳላስብ ነው የምናገረው።

ከዚያ የመሰባበር ወራት መጣ። ሰውነቱ ቀላል ነው፤ ቀንዱ ገደለኝ። እንጨት እንደ ጸጉር መስመር አለው። ቀጭኑን ነገር በመስመሩ ርዝመት ካስተኛችሁት ይጠነክራል፣ አቋርጣችሁ ከቆረጣችሁት እንደ ብስኩት ቀጭ ይላል። የተጣመመ ቀንድ ደግሞ እንዴትም ብታስተኙት የሆነ ቦታ ላይ መስመሩን ማቋረጡ አይቀርም። ወደ ዓይኑ የሚታጠፈው ቀንድ ሁልጊዜ እዛችው መታጠፊያ ላይ ቀጭ። ምላጩም ይበጠሳል፣ ምክንያቱም እገፋ ነበር። እባካችሁ አትግፉ። እንጨቱን ያዙ፣ አዙሩ፣ ምላጩ ራሱ ይብላ። ስትወጥሩትም በጣታችሁ ምቱት፤ እንደ ክራር ጥርት ብሎ ካልጮኸ ላልቷል። የምላጩ ጥርስ ወደ ታች ይዙር። ኩርባ ላይ ስትደርሱ እግራችሁ አይቁም፣ እጃችሁ ብቻ ይዝገም። ይሄን ሁሉ የማውቀው ጎበዝ ስለሆንኩ አይደለም፣ ሁሉንም ስላበላሸሁ ነው።

ኮምፔርሳቶ፣ ያን ስስ የፋብሪካ ጣውላ፣ ልሞክር ብዬ አባቴን ለምኜ አንድ ቁራጭ አገኘሁ። በረንዳ ላይ ተደግፎ አደረ፣ የክረምቱ እርጥበት ገባበትና እንደ ሊጥ አበጠ። ልወረውረው አነሳሁት። ጠርዙ ግን ተላቆ ነበር፤ ስስ ስስ ሆኖ እንደ መጽሐፍ ገጽ ተከፍቷል። አየሁት። አንዱ ገጽ መስመሩ ወደ ቁመት፣ ቀጣዩ ወደ ጎን፣ ቀጣዩ እንደገና ወደ ቁመት፤ አንዱ የሚሰበርበትን ሌላው ይይዘዋል። ዝናቡ ሚስጥሩን ከፍቶ ያሳየኝ መሰለኝ። እዛው በረንዳ ላይ በባዶ እግሬ ቆሜ ሳቅኩ። «ልጅቷ አበደች» አለች እናቴ ከውስጥ።

የማንጎ እንጨት በጣም አሳስቼ ላግኩና ሁለቱን መስመራቸው እንዲቋረጥ አድርጌ በኮላ አጣበቅኩ። ድንጋይ ጫንኩበት። ጠበቅኩ። እኔ! ሲደርቅ ሥዕሉን ለጠፍኩበት፣ ምላጩ እንዳይሞቅ ከላይ ፕላስተር አለበስኩት። የውስጡን ቀድሜ አወጣሁ፤ ዓይኑን፣ የጀርባውን መስመር። እንጨቱ ሰፊ እያለ የሚያዝ ነገር አላችሁ፣ ስለዚህ ዙሪያው መጨረሻ ነው። የቀንዱ መታጠፊያ ላይ ስደርስ ትንፋሼን ያዝኩ። ምላጩ ዞረ። ቀንዱም አብሮት ዞረ፣ አልተሰበረም።

መንገዱ ደርቆ ነበር። ጓንዶንግ በማግስቱ ሊሄዱ፣ ሻንጣቸው በገመድ ታስሮ በር ላይ ተቀምጧል። ፀሐይዋ ወደ ባሮ በኩል ዝቅ ብላለች፣ ግቢው ብርቱካን መስሏል። በሬውን ሰጠኋቸው። በአውራ ጣታቸው ግራ ቀንዱን ከስሩ ጀምረው ተከተሉት፣ ዓይኑ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ከዚያ ከፍ አድርገው ወደ ብርሃኑ ያዙት። ጥላው ጭቃው ግድግዳ ላይ ወደቀ።

መዳፍ የምታክል እንጨት ነበር የሰጠኋቸው። ግድግዳው ላይ የቆመው ግን ለኔ ሙሉ በሬ ነው፤ ጀርባው ላይ የብርሃን መስመር፣ ብርሃን የሆነ ዓይን፣ ወደ ዓይኑ የሚታጠፍ ቀንድ።

ጓንዶንግ በሬውን እዛው ብርሃኑ ላይ እንዳለ ለልጅ ልጃቸው አስያዙና ተነሱ። ሲነሱ አላልቅ አሉ። ግራ ክንዳቸውን ከራሳቸው በላይ አንስተው ወደ ፊታቸው አጠፉ፣ ቀኙን ወደ ኋላ ዘረጉ። ከዚያ ዘፈኑ። የበሬያቸው ዘፈን ነው። ድምፃቸው ስንጥቅጥቅ ያለ ነበር፣ ግን ከእግራቸው ስር ከመሬቱ የሚወጣ ይመስል ነበር። ጥላቸው ከበሬው ጥላ አጠገብ ቆመ፤ የቱ በሬ የቱ ሰው እንደሆነ ለየሁ ብል እዋሻለሁ። እናቷ አፏን በሻሽዋ ሸፈነች። ጓደኛዬ፣ ያቺ ሁሉንም የምትተረጉም፣ አልተረጎመችም። እኔም «ምን አሉ?» አላልኩም። በሕይወቴ ዝም ማለት ቀሎኝ የሚያውቀው ያኔ ብቻ ነው።

ሲጨርሱ ተቀመጡ፣ ተነፈሱ። ወደኔ ዞረው በዚያች ሴት በሌላት አማርኛቸው መጀመሪያ የነገርኳችሁን ጥያቄ ጠየቁኝ። ቀልድ አልነበረም። እንደ ሰው ሁሉ በሬ እንዳለኝ አምነው ነው የጠየቁት፣ ጠበቁኝም። መልሱን ለጠዋት አሳደርኩት። ጠዋት መኪናው መጣ፣ ሄዱ።

ማረፋቸውን ጓደኛዬ በስልክ የነገረችኝ እኔ ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ነው። ዶርሚተሪ ኮሪደር ላይ ቆሜ ሰማኋት፣ ሴቶች ባልዲ ይዘው በጎኔ ያልፉ ነበር። እንጨቱ የት እንደገባ አልጠየቅኳትም።

ዛሬ ጠዋት ያ ጥያቄያቸው ትዝ ሲለኝ ፔዳሉን አቆምኩ። ክፍሉ ውስጥ ሰው የለም። እናቴ ብትሰማኝ ያንኑ «ልጅቷ አበደች» ነው የምትለው፤ ትበል።

«ጥቁር ቦራ ነው፣ ግንባሩ ላይ ነጭ አለው፣ ጓንዶንግ» አልኩ ጮክ ብዬ። «ግን ገና ጥጃ ነው። ቀንዱን ወዴት እንደማጥፈው እያሰብኩ ነው።»