አፉን ያሸተትኩበት ቀን

ለውጥ መጣ በተባለበት ሰሞን ነው የጀመረው። ወንድሜ ሰይድ እንደ አባታችን አባጋር ነበር፤ አምባሰል ውስጥ ደም የተቃቡ ቤተሰቦችን መርቆ የሚያስታርቅ ሽማግሌ። አንድ ቀን ውጫሌ አጠገብ ሲመርቅ ንግግሩ ተበላሸ። አንዱን ቃል ይጎትታል፣ ሌላውን ይውጣል። ሰዉ «አሚን» የሚልበት ጠፋው።

እኔ ታናሽ እህቱ ነኝ። ሐይቅ ከተማ እህል እነግዳለሁ፤ ምላሴም አያርፍም። ቤት ሲገባ ጠጋ ብዬ አፉን አሸተትኩት።

«ወላሂ አልቀመስኩም፣ እታለም» አለኝ።

ምንም አልሸተተኝም፤ ግን አላመንኩትም። አባታችንም በመጨረሻ ዘመኑ እንዲሁ ይኮላተፍ ነበርና ሰካራም እንደተባለ ነው የሞተው። ለሽማግሌዎቹ «ሰይድ መጠጥ ጀምሯል» አልኳቸው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። የሚጠጣ አባጋር ደም አያደርቅም፤ ከዱዓው አነሱት። 

ጦርነቱ መጣ። በእግር ሸሸን። ሰይድ ይንገዳገዳል። ይወድቃል። ለቀናት ከውሃ በቀር የቀመስነው የለም። መጠጥ ከየት ይመጣል? ያኔ ገባኝ። መንገድ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ሰላም ሲሆን ደሴ ወሰድኩት። ሐኪሙ «ፓ-ታ-ካ» የሚለውን ቶሎ ቶሎ እንዲደግም አዘዘው። አልቻለም። አስራመደው፤ ኤምአርአይ አስነሳው፤ ስለ አባታችንም ጠየቀኝ።

«አታክሲያ ነው» አለ። «ሴሬቤለም የሚባለው፣ ሚዛንንና ንግግርን የሚያቀናው የአንጎል ክፍል እየተጎዳ ነው። በዘር የመጣ ይመስለኛል። አንዳንዱን መጀመሪያ ንግግሩ ላይ ነው የሚይዘው። የሚያድን መድኃኒት የለንም።»

ዛሬ ሰይድ በምርኩዝ ይሄዳል፤ ትን ስለሚለው በትንሽ በትንሹ እየጎረሰ ይበላል፤ ጠዋት ጠዋት ሐኪሙ እንዳሳየው ትንፋሹን እየሰበሰበ ጮክ ብሎ ያነባል፤ በሽታው ግን አልቆመም። ሽማግሌዎቹ ፊት ቆሜ ስሙን ያጠፋሁት እኔ መሆኔን ተናገርኩ፤ እነሱም «ቀስ ይበል፣ እንጠብቀዋለን» ብለው ወደ ቦታው መለሱት። አላህ ውለታቸውን ይክፈል። «ይቅር በለኝ፣ አውፍ በለኝ» ስለው መልሱን ለመጨረስ ብዙ ቆየ። አውፍ ብሎኛል።

ቤታችሁ ውስጥ ሳይጠጣ የሚኮላተፍ ሰው ካለ፣ ከወላጆቹም እንዲያ የነበረ ካለ፣ ሐሜቱን ትታችሁ ቶሎ ሐኪም አሳዩት። እኔም ለመታየት ቀን ይዣለሁ። ሰሞኑን ልጄ «እማ፣ ምን አልሽ?» ማለት አብዝታለች።