የቀረው አራት እጅ

ሸኩር ዕድሜውን ሙሉ ለፀሐይ ፊት ሰጥቷት አያውቅም። በቡና የሚኖር ሰው እንዲህ ነው። አባቱ ከአጋሮ ወጣ ብሎ ያለውን ማሳ ሲያወርሱት፣ ጥላ የሚሰጡትን ዋንዛና ብሳና አንድ በአንድ በእጃቸው እየነኩ «ቡናውን የሚያሳድጉልህ እነዚህ ናቸው፤ ያንተ ሥራ እነሱን መጠበቅ ነው» ብለውታል። እሱም ጠበቀ። ማገዶ ሲጠፋ እንኳ ሚስቱ ረይሃና ከዛፎቹ ቅርንጫፍ እንድትሰብር አይፈቅድላትም ነበር። ሴትዮዋ «ይሄ ሰውዬ ያገባው እኔን ነው ወይስ ዋንዛውን?» እያለች ለጎረቤት ታማዋለች፤ እሱ እየሰማ።

መንደሩ የቡና መፈልፈያ ማሽን ነበረው። ናፍጣ ግን አልነበረውም። ሲገኝ ይፈለፈላል፣ ሲጠፋ ቀዩ እሸት ቡና ሜዳ ላይ ተሰጥቶ ይደርቅና ከነገለባው እንደ ተራ ጀንፈል ይሸጣል። ሸኩር አንድ ምኞት ነበረው፤ የአባቱ ቡና ታጥቦና ተከብሮ ሲወጣ ማየት። ስለዚህ አንድ ድርጅት «ማሽኑን በፀሐይ እናዞረዋለን» ብሎ ሲመጣ፣ ከመንደሩ ሰው ሁሉ ቀድሞ ያመነው ያ የፀሐይ ጠላት ነው።

ድርጅቱ የላካት መሐንዲስ ጽዮናዊት ትባላለች፤ ጅማ ሄርማታ ያደገች ወጣት ናት። እሷን መውቀስ ይከብዳል፤ ምንም አልደበቀችውም።

«ጋሽ ሸኩር፣ እውነቱን ልንገርዎት። የፀሐይ ፓነሉ ከሚያርፍበት ፀሐይ ወደ ኃይል የሚለውጠው ከአምስት እጅ አንዱን ብቻ ነው። ማሽን የሚያዞር ኃይል ከፈለግን ሰፊ ቦታ ያስፈልገናል። ጥላ ደግሞ ጨርሶ አይሆንም።»

«አራቱ እጅስ የት ይሄዳል?»

«ሙቀት ሆኖ ይባክናል።»

ሸኩር ሳቀ። «ይባክን እንግዲህ። ፀሐይ መቼም ከአላህ ነው፣ አያልቅም።»

ለማሽኑ የሚቀርበው የሱ ማሳ ነበር። የላይኛውን ክፍል ለፓነሎቹ ለቀቀ። በታችኛው ያለው ቡና እንዳለ ይቆያል፣ የዚያ ዛፎች ግን ጥላቸው ፓነሉ ላይ ስለሚወድቅ መቆረጥ አለባቸው ተባለ። የመንደሩ ገበሬዎች ማኅበር ሊቀመንበር ኸይሩ ሊያግባባው ሽማግሌ ይዞ ሲመጣ ሸኩር መጥረቢያውን ሲስል አገኘው። ያን ቀን ረይሃና ከቤት አልወጣችም። የመጨረሻው ዋንዛ ሲወድቅ ሰማች፤ «ኢናሊላሂ» አለች፣ ለሞተ ሰው እንደሚባለው።

ማሽኑ በምርቃቱ ዕለት እኩለ ቀን ላይ ያለ ጭስና ያለ ጩኸት ዞረ። ለዚሁ ሲባል ጠዋት ከየማሳው የተለቀመው ቀደምት እሸት ተፈልፍሎ ወረደ፣ ሕዝቡ አጨበጨበ። ሸኩር አለቀሰ። ሐሰት አልነበረም፤ ፀሐይ በእርግጥም ማሽን ታዞራለች።

ለቀማው ሲጀመር ነው ነገሩ የተገለጠው። በኛ አገር ጉም እስኪገልጥ ረፋድ ይሆናል። ለቃሚ ቀኑን ሙሉ ዛፍ ሥር ውሎ ቅርጫቱን ይዞ የሚመጣው ወደ ማታ ነው። ፀሐይ ስትኖር ቡናው ዛፉ ላይ ነው፤ ቡናው ማሽኑ ዘንድ ሲደርስ ፀሐይዋ ጓዟን ጠቅልላለች። «ጀንበር ሳለች ሩጥ» ይባላል፤ እሸት ቡና ግን አንድ በአንድ በጣት የሚለቀም ነገር ነው፣ በሩጫ አይሆንም። ከፓነሎቹ ጋር የመጣው ባትሪ አምፖል ያበራል፣ ስልክ ይሞላል፤ የማሽኑን ሞተር ሲያስነሡበት ግን ድርግም ይላል። ያደረ እሸት ደግሞ ይቦካል። እንደገና ወደ ጀንፈሉ ተመለሱ።

ጽዮናዊት ስትጠየቅ አንገቷን ደፋች። «ፀሐይዋ አልጎደለችም። ማስቀመጫው ነው የጎደለን። ማሽኑን ሌሊት የሚያዞር ባትሪ ከፓነሎቹ ሁሉ ይበልጥ ይወደዳል፤ ድርጅቱ እንቢ ብሏል።»

ሸኩር ግን ወደ ታችኛው ማሳው እየወረደ ራሱን ያጽናና ነበር፤ ጥላው የተነሣለት ቡና በዚያ ዓመት ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፍርቶ ነበርና። ጎረቤት «ማሻአላህ» አለው። ለካ የስንብት ፍሬ ኖሯል። በቀጣዩ በጋ ቅጠሉ ገረጣ፣ ጫፉ አረረ፣ ቅርንጫፉ ከላይ ወደ ታች እየደረቀ መጣ። ሸኩር የተራቆተውን መሬት በመዳፉ ነካው፤ ይፋጃል። ያ የሚባክነው አራት እጅ የት እንደሚሄድ ያኔ ገባው።

ዋንዛ ተክሎ ጥላው እስኪደርስ የሚጠብቅ ዕድሜ የለውም። ስለዚህ ማንም ያላሰበውን አደረገ። በማሳው ውስጥ ጥላ የቀረው አንድ ቦታ ላይ፣ እዚያው ፓነሎቹ ሥር፣ ከአባቱ ቡና ዘር ያፈላቸውን ችግኞች ተከለ። ውሃ በጀሪካን እየተሸከመ አጠጣቸው። ኸይሩ አይቶ «ኦቦ ሸኩር፣ ለዚህ እንኳ ይጥቀም» ብሎ አለፈ። ችግኞቹ ሥር ያዙ፣ ቅጠላቸው አረንጓዴው ጠቆረ። ረይሃና ባሏ ብዙ ጊዜ የተወውን እንጉርጉሮ ሲያንጎራጉር ሰማችው፤ ሰምታም አልነካካችውም።

በሚቀጥለው ዓመት በጋ አጋማሽ የጭነት መኪና መጣ። ፓነሎቹ ሊነሡ ነው። ጽዮናዊት ቤቱ ድረስ መጥታ ነገረችው። «ቆላ ሊወስዷቸው ነው፣ ለመስኖ። ውሃ ቀን ቢሳብ ምንም አይሆንም፤ እዚያ ጋሽ ሸኩር፣ በእውነት ይጠቅማሉ።»

ልክ ናት። ሸኩርን የጎዳውም ይኸው ነው፤ የሚቆጣበት ሰው አጣ። እጇን ይዞ ወደ ማሳው ወሰዳትና ጎንበስ ብሎ ችግኞቹን አሳያት።

«እነዚህስ፣ ልጄ?»

ቁጢጥ ብላ አንዱን ቅጠል ነካች። «እዚህ መኖራቸውን አላወቅሁም ነበር» አለች። «ይቅር ይበሉኝ።»

ሠራተኞቹ ብሎኑን እየፈቱ ፓነሎቹን አንድ በአንድ አወረዱ። አንዱ በተነሣ ቁጥር ፀሐይ አንድ መደብ ችግኝ ላይ ትወርዳለች። ሰማዩ ላይ ቁራጭ ደመና አልነበረም፤ ለማሽኑ ቢሆን ኖሮ እንዴት ያለ ቀን ነበር።

መኪናው ሲሄድ ረይሃና ከጓሮ የኮባ ቅጠል ቆርጣ በሸክም አመጣች። ሸኩር እንጨት ተከለ፣ እሷ ቅጠሉን አለበሰች፤ እስከ መጨረሻው መደብ ድረስ እንዲህ እያደረጉ ሄዱ።

«ይደርቃል እኮ» አለ በመጨረሻ።

«ነገ ሌላ እቆርጣለሁ።»

ሸኩር ወደ ጓሮው ዞሮ አየ። ኮባው አልቆ ነበር።