ፈትል የመሰለው ቃል

አባቴ ክር ፋብሪካ የተቀጠረው በተሸካሚነት ነው። ቀኑን ሙሉ የታሰረ ጥጥ ከመኪና ያወርዳል። እናቴ «ደመወዙን የሚያገኘው ትከሻህ ነው፤ አንተማ አጅበኸው ነው የምትሄደው» እያለች ትቀልድበት ነበር።

የመፍተያ ማሽኖቹን ሊተክል ከእንግሊዝ አገር የመጣ አንድ ጎልማሳ መካኒክ ነበር። ጢሙ ከንፈሩን ስለሚሸፍነው ሠራተኛው «ጢሞ» ይለዋል። አንድ ጠዋት አንዱ ማሽን ቀጥ አለ። ጢሞ ከሥሩ እንደተጋደመ አጠገቡ ለነበረው ለአባቴ አንድ ነገር ተናገረው። አባቴ ከዚያ ሁሉ እንግሊዝኛ ለቀም ያደረገው አንዲት ቃል ብቻ ነው፤ ፌትል። ፈረንጁ አማርኛ ጀመረ ብሎ ደስ አለውና ሮጦ አንድ ጥቅል ክር አመጣለት። ፈትል ክር አይደል? አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ጢሞ አልሳቀበትም። ክሩን ተቀብሎ ኪሱ ከተተና አባቴን በክንዱ ስቦ ከማሽኑ ሥር አስገባው፤ መፍቻም አስያዘው። አቧራውን ጠረጉ፣ ዘይት ቀቡ፣ የላላውን አጠበቁ፣ የተጣመመውን አቀኑ። ማሽኑ ሲነሳ ጢሞ የሠሩትን ሁሉ በእጁ እያሳየ «ፌትል» አለ። አባቴ ቃሉ ከመጠገን ሰፋ እንደሚል ያኔ ገባው። ከዚያ ቀን ወዲህ ጥጥ አልተሸከመም። የጢሞ ረዳት ሆነ፣ ቆይቶም ራሱን የቻለ መካኒክ።

እኔ ገና ድክ ድክ ስል ነው ማሽኑ የአባቴን ቀኝ እጅ የያዘው። ሦስት ጣቶቹን ወሰደበት። ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ አለቆቹ ሲሻልህ በር ጠባቂ እናደርግሃለን ብለው ላኩበት። በደግነት ነው፤ እሱ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ጢሞ መጣና ከቦርሳው መፍቻዎች አውጥቶ አልጋው ላይ ደረደረ። በቀሩት ሁለት ጣቶች እንዲያዙ እጀታቸውን በጎማ ጠቅልሎ አወፍሯቸዋል። በዚያች በተማራት አማርኛ «እጅ አለ። ትምህርት ብቻ ይቀረዋል» አለው። አስከትሎም፣ «ፌትል»።

እሱ ሲወጣ አባቴ ተቆጣ። «እኔን ከብረት ቆጠረኝ?» አለ።

እናቴ «ብረቱን እንዴት እንደሚያክም አይተሃል» አለችው። «ከብረት ቢቆጥርህ ምን ቀረብህ?»

አባቴ ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ጢሞ ከሥራ ሲወጣ በቀጥታ እኛ ቤት ይመጣ ጀመር። ጠረጴዛው ላይ ብሎን ይበትናሉ፤ አባቴ ይፈታል፣ ያስራል፣ ይጥላል። የወደቀውን እናቴ ትለቅማለች። እኔም አንዱን ልውጥ ስል ተይዤያለሁ አሉ። እንዲህ እየተባለ እጁ ሥራውን ለመደ፤ አለቆቹም አይተው ወደ ማሽኖቹ መለሱት። ጢሞ ውሉ ሲያልቅ አገሩ ገባ። እኛም ቤት ስንቀይር አድራሻው ጠፋ።

አድጌ እንግሊዝኛ ሳጠና ያቺን ቃል ቤታችን ባለው ትንሽ መዝገበ ቃላት ፈልጌ አጣኋት። ያገኘኋት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው፣ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ፣ ለማንሳት ከሚከብደው መዝገበ ቃላት። ዛሬ ይበልጥ በሰሜን እንግሊዝ ሰዎች አፍ ላይ ያለች ግስ ናት። ማሰናዳት፣ ማስተካከል፣ ወደ ልኩ መመለስ ማለት ነው። ሥሯ ደግሞ መታጠቂያ፣ ቀበቶ ማለት የነበረ ጥንታዊ ቃል ነው፤ ሰው ለሥራ ወይም ለውጊያ ሲነሳ ወገቡን ከሚያስርበት የመጣ።

ይህን ለአባቴ ነገርኩት።

«ታጥቆ መነሳት በይኛ» አለ። «እኛም እኮ ወገብህን ጠበቅ አድርግ እንላለን። ሆስፒታል መጥቶ ያለኝ ይሄን ነው።» ቀጥሎም «ሰውዬውን ፈልጊልኝ» አለኝ።

ፍለጋው ቀላል አልነበረም። ማሽኖቹን ለሠራው ኩባንያ ደጋግሜ ጻፍኩ፤ አባቴ ጡረታ ከወጣ በኋላ ነው የጢሞ ልጅ መልስ የሰጠችኝ። አባቷ በሕይወት አለ። አንድ እሁድ ከሰዓት ደወልን። አባቴ የሚለውን ከጠዋት ጀምሮ ሲያጠና ውሎ ስልኩ ሲነሳ ሁሉም ጠፋበት።

«በይ ንገሪው» አለኝ በመጨረሻ። «ልጆቼን ያሳደግኩት እሱ ባስተማረው እጅ ነው። ጡረታ የወጣሁትም ከማሽኔ ጎን ነው።»

ተረጎምኩ። ከወዲያ ማዶ አፍንጫ ሲናፈጥ ተሰማ። ጢሞ ቀስ እያለ የእሱን ነገረን። አባቴ እጁን የተጎዳበት ዓመት የእሱ ሚስት የሞተችበት ነበር። ባዶ ቤት መግባት እየከበደው፣ ወደ እኛ ቤት መምጣቱ እሱን ራሱን አቁሞት እንደነበር፣ ማመስገን የሚገባውም እሱ እንደሆነ ተናገረ። አባቴ ይህን አያውቅም ነበር። ጉዳተኛ እጁን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ ስልኩን አየው።

እናቴ ስልኩን ከእጄ ወሰደችና ወደ ጓዳ ገባች። እንግሊዝኛ አታውቅም፤ የእሱም አማርኛ ሳይጠፋው አልቀረም። ግን ረጅም ጊዜ አወሩ። ስትመለስ ምን አልሽው አልኳት።

«እግዚአብሔር ይስጥልን አልኩት» አለች ዓይኗን እየጠረገች። «ሌላው የእኔና የእሱ ነው።»