ወደ ባንኩ የዞረው ጉድጓድ

ደሴ ሰኞ ገበያ፣ ከምኖርበት ቤት በታች መንገዱ ለውኃ ቧንቧ በተቆፈረ ቁጥር፣ ፀሐይ አይቶ የማያውቅ አፈር ሽታ በመስኮት ይገባና የማነበውን መጽሐፍ ያስከድነኛል። ሰው ይህን ሽታ ከመጀመሪያው ዝናብ ጋር እያያያዘ ይወደዋል፤ እኔን ግን ይዞኝ የሚወርደው ወደ ኮምቦልቻ፣ በደርግ ዘመን ወደኖርንበት ጠባብ ጓሮ ነው።

ጓሯችን ከአንድ ባንክ የጀርባ ግንብ ጋር ይዋሰን ነበር። አባቴ ሰይድ ልብስ ሰፊ ነበርና በረንዳው ላይ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ፣ ፔዳሉን በሁለት እግሩ እየረገጠ፣ መርፌው ሲሮጥ እሱም ከመርፌው እኩል እያወራ፣ ከጎረቤት ከተማ ከደጋን ለገበያ የመጣውን ገበሬ ሳይቀር እያሳቀ ይውል ነበር። እኔ የመጀመሪያ ልጁ ነኝ። ዘጠኝ ዓመት ሆኖኝ ገና ፊደል አልቆጠርኩም ነበር፤ እናቴ በዚህ ስትነጫነጭ፣ «አብሽሪ፣ መስከረም ሲጠባ ወላሂ ሀዋን አስገባታለሁ» ይላት ነበር።

በዚያ ዓመት፣ በበጋው ማብቂያ፣ በቀበሌያችን አዳራሽ ነጭ አቡጀዲ ተሰቅሎ አሮጌ የውጭ አገር ፊልም ታየ። ከመጀመሩ በፊት አንድ ካድሬ ተነሥቶ፣ «ጓዶች፣ ይህ ተረት እንዳይመስላችሁ! በእርግጥ የተፈጸመ የባንክ ዘረፋ ነው፤ የቡርዧውን ሥርዓት ብስባሽነት ታዩበታላችሁ!» አለን። ቋንቋውን የሚሰማ አልነበረም፤ ነገሩም ቋንቋ አልፈለገም። ባርኔጣ ያደረጉ ሰዎች ከባንኩ አጠገብ ሱቅ ተከራይተው፣ አንደኛው በር ላይ ሰዓት እየጠገነ፣ ሌሎቹ ወለሉን ሰብረው ይቆፍራሉ፣ አፈሩንም በከረጢት ያወጣሉ፤ የባንኩ ዘበኛ ደግሞ ከላያቸው ደረቱን ነፍቶ ወዲያ ወዲህ ይላል። አዳራሹን በሳቅ ያፈረሰው ያ ዘበኛ ነበር።

የእኛው ባንክ ዘበኛ ጋሽ ሽፈራው ከመሀከላችን ተቀምጦ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ መውጫ መግቢያ አሳጡት። «ጋሽ ሽፈራው፣ እግርዎ ሥር ተንኳኳ!» ይሉታል ልጆቹ። «ተዉት እንጂ፤ እሱ ላይ ላዩን ይጠብቅ፣ ከታች እግዜር አለ!» ይሉታል ጠላ ቤት አብረውት የሚጠጡት። እሱም ጥርሱን ብቻ እያሳየ፣ የአንገቱ ሥር ተገታትሮ ያልፍ ነበር።

የበልጉ ዝናብ ጋብ ሲል ቀበሌው እያንዳንዱ ቤት የመጸዳጃ ጉድጓድ እንዲቆፍር አዘዘ። ጓሯችን ውስጥ ባዶ ቦታ የነበረው ከግንቡ ሥር ብቻ ስለሆነ፣ አባቴ ወደ ስፌቱ ከመቀመጡ በፊት ማለዳ ማለዳ እዚያ እየገባ ይቆፍር ጀመር፤ እናቴና እኔም አፈሩን በቅርጫት እያወጣን ከደጅ እንደፋ ነበር። ጋሽ ሽፈራው ይህን ያየ ለት እንደ ዳነ ሰው ሆነ። ድንጋይ ላይ ቆሞ አንገቱን በግንቡ ላይ ያሰግግና፣

«ሰይድ! ደረስህ ወይስ ገና ነህ?»

«ሁለት ክንድ ቢቀረኝ ነው! አንተ ብቻ ካዝናውን ክፍቱን ተውልኝ።»

«ድርሻዬን ትበላና ታያለህ!»

ሁለቱም ይስቁ ነበር፤ እኛም እንስቅ ነበር። ጋሽ ሽፈራው ግን ቀልዱን ከግንቡ ሥር አልተወውም፤ ጠላ ቤት ይዞት ሄደ፣ ወፍጮ ቤት ይዞት ሄደ፣ በራሱ ላይ የተጫነው መሳቂያነት ወደ አባቴ እስኪተላለፍ ድረስ ደጋገመው። ተሳካለትም። እሱን የሚከተሉት ልጆች እኔን ይከተሉኝ ጀመር፤ «የሰይድ ልጅ፣ ወርቁን አካፍይና! ብቻሽን ልትበዪው ነው?»

ጉድጓዱ ከሰው ቁመት ሲያልፍ ቋጥኝ ገጠመው። አባቴ በመዶሻም በዲጅኖም ቢለው አልበገር አለው። የተለፋበት እንዳይቀር ብሎ ቋጥኙን ሸሽቶ ወደ ጎን ቆፈረ፤ ወደ ጎን ማለት ደግሞ ወደ ግንቡ ነበር።

ሰኔ ሲገባ አብዮት ጠባቂዎች መጡ። መሪያቸው ያጠለቀውን ሱሪ የሰፋለት አባቴ ነበር። ጉድጓዱ አፍ ላይ ጎንበስ ብሎ አየና፣

«ጓድ ሰይድ፣ መጸዳጃ ወደ ጎን የሚቆፈረው በየት አገር ነው?» አለ።

አባቴ እጁን አራግፎ፣ ያው አመሉ አልለቀው ብሎ፣ «እኔን ምን ትጠይቀኛለህ፣ ድንጋዩን ጠይቀው» አለ።

ማንም አልሳቀም። እጁን ወደ ኋላ አስረው ሲያወጡት እናቴ፣ «ኧረ በነቢ! ቆፍሩ ብላችሁን እኮ ነው!» እያለች ብትከተል አንደኛው በሰደፍ ገፍቶ ጣላት። ጋሽ ሽፈራው ከባንኩ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ ወደ ሰማይ አየ።

በዚያ ዘመን ባንክ ዘረፈ የተባለ ሁሉ አናርኪስት ነበር፤ አናርኪስት የተባለ ደግሞ ግብረ አበሮቹን ሳይጠራ አይለቀቅም ነበር። «ከማን ጋር ነው የቆፈርኸው?» ብለውታል። እሱም እውነቱን፣ «ከሚስቴና ከልጄ ጋር» ብሏቸዋል። የሚያላግጥባቸው መሰላቸው። ይህን የሰማነው በኋላ ነው።

ክረምቱን በሙሉ እናቴ ምሳውን በሳህን ቋጥራ በዝናብ እየሄደች ወደታሰረበት ታደርስ ነበር፤ ሳህኑ ባዶውን ሲመለስ ሀምዱሊላህ፣ በላ እያልን ደስ ይለን ነበር። ሲበሉ የነበሩት ጠባቂዎቹ ነበሩ። ጉድጓዱ ውኃ ሲሞላ ቀበሌው «ይደፈን» ብሎ አስደፈነን። ነሐሴ ላይ ደግሞ በስብሰባ መሀል እናቴን አስነሥተው፣ የመጸዳጃ ጉድጓድ ካላዘጋጁት አንዷ ነሽና ግለ ሂስ አድርጊ አሏት። እናቴም ነጠላዋን እያስተካከለች፣ «ስንፍናዬ ነው» አለች። አጨበጨቡላት።

አባቴን በመስከረም ሁለት ሰዎች በትከሻቸው ደግፈው አመጡት። ውስጥ እግሩን ገርፈውት ነበር። ቁስሉ ሲጠግግ በረንዳው ላይ ወጥቶ ተቀመጠ፣ እግሩን ፔዳሉ ላይ አኖረ፣ መልሶ አነሣው፤ ሁለተኛ ሞክሮ አላየሁትም። ከዚያ ወዲያ እኔ ከመኪናው ሥር ቁጢጥ ብዬ ፔዳሉን በእጄ እገፋ ነበር። ከላይ «ግፊ»፣ «ቁሚ»፣ «ቀስ» ይለኛል፤ ያ ሲያወራ የሚውል ሰው ከእነዚህ ሦስት ቃላት ሌላ ሳይናገር ይመሽ ነበር። መጀመሪያ የሰፋነው የጎረቤት ልጆችን ዩኒፎርም ነበር። እኔ ትምህርት ቤት የገባሁት ከአራት ዓመት በኋላ፣ ታናሽ ወንድሜ ለፔዳሉ ሲደርስ ነው።

ጥቅምት ሳያልቅ ጋሽ ሽፈራው ከቀበሌ የተሰጠውን ስኳር በወረቀት ጠቅልሎ መጣ። መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጠና፣

«ሰይድ፣ እኔ እኮ ቀልዴን ነበር» አለ።

«አውቃለሁ» አለው አባቴ። «እኔም ስቄ ነበር።»

ጋሽ ሽፈራው ሊነሣ ሲል ብብቱ የተተረተረ የዘበኛ ኮቱን ከጉያው አወጣ። «መቼም ካንተ ሌላ ሰፊ አላውቅ» አለ። አባቴ ኮቱን ተቀብሎ ገለበጠውና ከመርፌው ሥር ዘርግቶ፣ «ግፊ» አለኝ። ገፋሁ።

በቅርቡ ያ ፊልም በቴሌቪዥን ሲታይ ከወንድሜ ልጅ ጋር ተቀምጬ አየሁት። ያው እንደሆነ በሰዓት ጠጋኙ አረጋገጥሁ፤ መጨረሻውን ግን ጨርሶ ረስቼው ኖሯል። ዘራፊዎቹ ተያዙ። መርማሪው ለመሪያቸው ወንበር ስቦ ሰጠው፣ ሲጋራ ለኮሰለት፣ ሰውየው እግሩን አጣምሮ ተቀመጠና እንዴት እንደቆፈሩ ሲያስረዳ መርማሪው እየሳቀ ያዳምጠው ጀመር። እኔ ሁለት እግሬን ሶፋው ላይ ሰብስቤ ግርፊያውን ስጠብቅ፣ ሙዚቃው መጣ፣ የተዋንያኑ ስም ወደ ላይ ይፈስ ጀመር።

«አክስቴ፣ አለቀ እኮ» አለችኝ ልጅቷ። «ምን ትጠብቂያለሽ?»

ፊቷን አየሁት። እኔ በእሷ ዕድሜ ሳለሁ ሰው ተያዘ ሲባል ምን እንደሚከተል አውቅ ነበር፤ ለእሷ የሚከተለው ወንበር ነው።

«ምንም» አልኳት።