ካፒቶላ ላይ ያመለጠ ቃል

የወርቅውሃ ሳን ሆዜ አሥራ ሰባት ዓመት ስትኖር ባሕሩን ቀርባ አይታው አታውቅም። ከቤቷ እስከ ውቅያኖሱ በመኪና አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ግን ካምቤል በሚገኝ የአረጋውያን መጦሪያ ወጥ ቤት ትሠራለች፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ሁልጊዜ የእሷ ሺፍት ነው። ባሏ ጥሏት ከሄደ ወዲህ አንድ ልጇን ምሥጢርን ያሳደገችው በዚሁ ሥራ ነው። ምሥጢር አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። አማርኛ ትሰማለች፤ የምትመልሰው ግን በእንግሊዝኛ ነው። እናትየው ነገሩን ተቀብላ መኖር ከጀመረች ቆይታለች።

ብሩክታዊት አገር ቤት የሰፈሯ ልጅ ናት፤ በዕድሜ አሥራ አራት ዓመት ታንሳታለች። ከስድስት ዓመት በፊት በዲቪ ስትመጣ ኤርፖርት የተቀበለቻት፣ ስምንት ወር ሙሉ ሳሎኗ ውስጥ ሶፋ ላይ ያስተኛቻት የወርቅውሃ ናት። ዛሬ ሳንታ ክላራ ነርስ ሆናለች፤ የራሷ ቤት አላት። "እትዬ" ማለቷን ግን አልተወችም።

በሰኔ አንድ ቅዳሜ የወጥ ቤቱ ቧንቧ ፈነዳና የወርቅውሃ ያላሰበችውን ዕረፍት አገኘች። ብሩክታዊት ስትሰማ መኪናዋን አስነስታ በር ላይ ደረሰች።

"እትዬ፣ በቃ ካፒቶላ እንሂድ። ዛሬ እምቢ አትይኝም። ምሥጢርም ትምጣ።"

ካፒቶላ ሳን ሆዜ ያለችበት ሸለቆ በሙቀት ሲነድ ሰው ሸሽቶ የሚያርፍባት፣ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየች የባሕር ዳር መንደር ናት። ሮዝ፣ ቢጫና ሰማያዊ የተቀቡ ቤቶቿ አሸዋው ላይ ትከሻ ለትከሻ ተደግፈው ቆመዋል። የወርቅውሃ ጠመዝማዛውን የተራራ መንገድ የበሩን እጀታ ጨብጣ ብትጨርሰውም ቤቶቹን ስታይ ሳታስበው ፈገግ አለች።

"እዚህ ቤቶች መቶ ዓመት ናቸው፣ ማም" አለች ምሥጢር። "በፊት ሰዎች በባቡር... ይመጡ ነበር።" ከዚያ ወደ ብሩክታዊት ዞረች። "ልክ ነኝ?"

"በጣም ልክ ነሽ፤ ጎበዝ!"

የወርቅውሃ ባለችበት ቆመች። ልጇ ሁለት ዓረፍተ ነገር ሙሉ በአማርኛ ስትናገር መቼ እንደሰማች ማስታወስ አልቻለችም። ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ግን ልጅቷ ልክ መሆኗን የጠየቀችው እናቷን አልነበረም።

አይስክሬም ቤት ሲገቡ ሻጩ ምሥጢርን እንዳየ "የተለመደው?" ብሎ ሳቀ።

"ስንት ጊዜ መጥታችኋል?" አለች የወርቅውሃ፣ ድምጿን ለማለስለስ እየሞከረች።

ሁለቱ ተያዩ። "አምስት ጊዜ ቢሆን ነው፣ እትዬ" አለች ብሩክታዊት። "አንቺ ሥራ ላይ ስትሆኚ። እንዳይከፋሽ ብለን ነው ያልነገርንሽ።"

"ምን ያስከፋኛል?" አለች፤ አይስክሬሙ ግን ሳትቀምሰው እጇ ላይ ቀለጠ።

አሸዋው ላይ ጫማዋን ሳታወልቅ ተቀመጠች። ሁለቱ ማዕበሉ ሲመጣ እየጮኹ ይሸሻሉ፤ ሲመለስ ያሳድዱታል። ሶፋዬን ሰጠኋት፣ ልጄን ወሰደችብኝ፣ አለች በልቧ። እሷ የሰው ወላጆች የሚበሉትን ሾርባ ስታማስል ባሕሩንም፣ አማርኛውንም፣ ሳቁንም ለልጇ የሰጠችው ሌላ ሴት ናት።

ከውኃው ሲወጡ ብሩክታዊት ፎጣ አንሥታ የልጅቷን ፀጉር ማድረቅ ጀመረች።

"ነይ ልጄ፣ እንዳይበርድሽ።"

ያቺ "ልጄ" ማንም ለማንም የሚላት ቃል ናት። የወርቅውሃ ግን ብድግ አለች።

"የማን ልጅ? ልጅ ካማረሽ የራስሽን ውለጂ!"

ብሩክታዊት ሁለት ጊዜ ፅንስ ጨንግፎባታል። በሁለተኛው ጊዜ ሆስፒታል ያደረሰቻት፣ አልጋዋ አጠገብ እጇን ይዛ የዋለችው ይህችው የወርቅውሃ ናት። ብሩክታዊት ፎጣውን ልጅቷ ትከሻ ላይ አድርጋ ባሕሩ ውስጥ ገብቶ ወደተሠራው የእንጨት ድልድይ ሄደች።

"አይ አንደርስቱድ ዛት፣ ማም" አለች ምሥጢር፤ የተባለው ሁሉ ገብቷታል። ቀጥላ በአማርኛ፣ ቃል በቃል እየለቀመች፦ "እኔ ነኝ አስተምሪኝ ያልኳት። ካንቺ ጋር ለማውራት።"

የወርቅውሃ ልጇን አቅፋ ማልቀስ አማራት፤ ግን አስቀድማ የምትሄድበት ነበራት።

ድልድዩ ላይ ብሩክታዊትን ዓሣ አጥማጆቹን እያየች ቆማ አገኘቻት።

"ይቅር በዪኝ።"

"ሌላ ሰው ቢለኝ እረሳው ነበር፣ እትዬ።"

"አውቃለሁ። ቀናሁብሽ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። ምሥጢር ስትስቅልሽ ሳይ አንጀቴ ተቃጠለ።"

"እኔ አልቀናም መሰለሽ?" አለች ብሩክታዊት። "ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት ፀጉሯን ትሠሪላት ነበር። ሶፋው ላይ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ የተኛሁ እመስል ነበር። ስምንት ወር ሙሉ ቀናሁብሽ።"

ሁለቱ ጎን ለጎን ቆሙ፤ አልተቃቀፉም።

ብሩክታዊት ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ያህል ቤታቸው አልመጣችም፤ ከምሥጢር ጋር በስልክ ብቻ ይገናኙ ነበር። የወርቅውሃም ስልኩ በጠራ ቁጥር አሁንም አንዳች ነገር ይወጋት ነበር። ቅናት በአንድ ይቅርታ አልለቀቃትም። ግን አለቃዋን ጠይቃ የቅዳሜ ሥራዋን በማክሰኞ ለወጠች።

በነሐሴ ያን ጠመዝማዛ መንገድ ራሷ ነዳችው፤ መሪውን ጨምድዳ፣ ከኋላዋ ያሉት መኪኖች ጥሩምባ እየነፉባት። አሸዋው ላይ ምሥጢር የማዕበሉን፣ የወፎቹን፣ የጀልባውን ስም በአማርኛ ጠየቀቻት። የአንዱን ወፍ ስም እናትየውም አታውቀውም ነበር።

"ብሩኬን እንጠይቃት?" አለች ልጅቷ፣ የእናቷን ፊት እያየች።

የወርቅውሃ ጥቂት አመነታች።

"ደውዪላት" አለች። "አውርተሽ ስታበቂ ለእኔም ስጪኝ።"