አንድ ሚሊዮን ሦስት

ያ የሂሳብ ደብተር እስከ ዛሬ አለኝ። ገጹ ሁሉ ማካፈል ነው፤ ላጲስ የበሳው ቦታም አይጠፋም። በከፈትኩት ቁጥር ኪቡሊ የነበረው ቤታችን፣ ከመስኮቱ ሥር ሮሌክስ የሚሉትን የእንቁላል ጥቅል የሚሸጠው ሰውዬ የሚጠብሰው እንቁላልና ጨፓቲ ይሸተኛል።

የዐሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ። ታላቅ ወንድሜን ዮናስን ቦዳ የሚሉት የኪራይ ሞተር ሳይክል ገጨውና ንሳምብያ ሆስፒታል ተኛ። አባባ ጠዋት እሱን ጠይቆ ወደ ምግብ ቤታችን ይሄዳል፤ በሩን ቆልፎብኝ። "ውሰደኝ" እያልኩ ሳለቅስበት፣ አንድ ቀን ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ሰጠኝ፦ 1,000,003። "ሳይተርፍ የሚያካፍለውን ያገኘሽ ቀን እወስድሻለሁ" አለ።

ማካፈል የእኔና የዮናስ ጨዋታ ነበር። ሚሊዮን አካባቢ ያለ ቁጥር እስከ ሺህ ተሞክሮ አካፋይ ከታጣለት፣ ከአንድና ከራሱ በቀር የሚያካፍለው እንደሌለ ያስተማረኝ እሱ ነው። ጀመርኩ። በሰባት አራት ተረፈ። በዐሥራ አንድም አራት። በዐሥራ ሦስትም ያው አራት! የሚያሾፍብኝ መሰለኝ። ቤቱ ጠበበኝ። የመስኮቱን ብረት ይዤ ማዶ የንሳምብያን ኮረብታ እያየሁ አለቅሳለሁ። መርዶ ከልጅ እንደሚደበቅ አውቅ ነበር፤ ዮናስ ሞቶ እንደሆነስ? አባባ ማታ ደብተሬን አይቶ "ቀስ በይ፣ የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች" ይለኛል። ፍርሃቴን ግን አልነገርኩትም።

በዘጠነኛው ቀን እስከ ሺህ ካሉት የማይካፈሉ ቁጥሮች የመጨረሻዋን፣ 997ን፣ ሞከርኩ። ዐሥራ ሁለት ተረፈ። አባባ ሲገባ ደብተሩን ወረወርኩበት።

"የማይካፈል ቁጥር ነው የሰጠኸኝ! ዮናስ ሞቷል አይደል?"

አባባ ደብተሩን አነሳ። "እኔ ምን አውቄ ልጄ! ቁጥሩን የሰጠኝ እኮ እሱ ነው። ፊቱ ሳይሽር እንዳታዪው ፈርቶ። 'ሺህ እስክትደርስ ይሻለኛል' ብሎኝ ነው" አለና ዓይኑን ጠረገ።

በማግስቱ ወሰደኝ። ዮናስ ግማሽ ፊቱ በፋሻ ተጠቅልሎ "ስንት ቀን ፈጀብሽ?" አለኝ። ዘጠኝ ስለው ተናደደ፤ ሁለት ሳምንት ገምቶ ነበር።

ያኔ የሚቆልፍብኝ አባባ ነበር፤ ዛሬ ዮናስ ኪዋቱሌ ያለውን ቤቱን በራሱ ላይ ቆልፏል። ሥራ ካጣ ወዲህ ስልክ አያነሳም፤ ሳንኳኳም "ደህና ነኝ፣ ሂጂ" ይለኛል። እሱን በዚያ ድምፅ መስማት አንጀቴን ይበላኛል።

ባለፈው እሑድ ግን "ሂጂ" ቢለኝም ከበሩ አልሄድኩም። "አካፋዩን ስታገኝ ክፈትልኝ" ብዬ ጽፌ ወረቀቷን በበሩ ሥር አስገባሁለት፦ 1,000,001። የሚካፈል የመረጥኩለት አውቄ ነው። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ብዙ ቆይቶ ወንበር ሲጎተት፣ እርሳስ ሲፈለግ ሰማሁ።

"አንቺ ነገረኛ፣ መቶ አንድ!" አለ ከውስጥ። ቁልፉ ዞረ።