ጋሼ በካውያ የሠሩት ቁርስ

የእኅቴን ባል የሚያውቃቸው ሁሉ «ጋሼ ይተርተር» ይላቸው ነበር። ልብስ ሰፊ ነበሩ። ሠራተኞቻቸው የሰፉትን ሊያሳዩአቸው ሲያቀርቡ፣ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ ዝቅ ያደርጉና ስፌቱን በአውራ ጣታቸው ጥፍር እየዳበሱ አንድ ቃል ብቻ ይናገራሉ፤ «ይተርተር።» ይህ ቃል ከሱቃቸው በር ወጥቶ ዓለምን ሁሉ አዳረሰ። አዲስ ድልድይ ቢመረቅ፣ ይተርተር። ጎረቤት ልጁን ሲድር ሙሽራይቱን ከእግር እስከ ራሷ ያዩና፣ ይተርተር። ቀሚሱን ይሁን ጋብቻውን ማለታቸው እንደሆነ ደፍሮ የጠየቃቸው የለም።

እጃቸው ግን የተባረከ ነበር፤ ይህን መካድ ነውር ነው። እሳቸው የተኮሱትን ሱሪ የለበሰ ሰው ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ውሎ ሲነሳ እንኳ የሱሪው መስመር ቀጥ እንዳለ ነው። ችግሩ፣ ሱሪ በመተኮስ የተካነ ሰው ሌላውም ነገር ሁሉ እንደ ሱሪ የሚተኮስ ይመስለዋል። ጋሼ ስለ ሕክምናም፣ ስለ ግንባታም፣ ስለ ልጅ አስተዳደግም ያውቁ ነበር። ከሁሉ በላይ ደግሞ ስለ ምግብ ያውቁ ነበር፤ ድስት ጎን ቆመው ባያውቁም።

ታላቅ እኅቴን «እትዬ» ነው የምላት። ካገባች ጀምሮ ለባሏ፣ ለልጆቿና ለሱቁ ሠራተኞች ሁሉ ስታበስል ኖራለች። ጋሼ ሰሐናቸውን ወደ ብርሃን ዘንበል አድርገው ያዩና ፍርዳቸውን ይሰጣሉ፤ ሾርባው ቀጥኗል፣ ሩዙ ተያይዟል፣ ሻዩ የታመመ ሰው ፊት ይመስላል። እንዲህ ይላሉና አንድም ሳያስተርፉ ጠርገው ይበሉታል። እትዬም ሰሐኑን ታነሳለች።

አንድ ዓመት የሱቁ ጣሪያ ሊታደስ ሆነና ሱቁ ተዘጋ። ሥራ የፈቱ ጋሼ ቀኑን ሙሉ ቤት ሊውሉ ነው ማለት ነው። እትዬ ይህን ስታስብ ወባ እንደያዘው ሰው ሳያንቀጠቅጣት አልቀረም፤ «ከተማ ወርደን ትንሽ አንንሸራሸርም?» ብላ ሐሳብ ያቀረበችው እሷ ናት። ጋሼም ከተማውን ሄደው ካልናቁት ውስጣቸው አያርፍምና በደስታ ተቀበሉ። እትዬ ግን አንድ ነገር አስቀድማ አስታወቀች።

«እዚያ እስካለን ድረስ እጄ ድስት አይነካም። ቁርሴን ሰው ያቀርብልኛል፤ እኔ እንደ ሰው ቁጭ ብዬ እበላለሁ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«እሺ፣ ምን ገዶኝ» አሉ ጋሼ።

እኔ ያን ጊዜ ያላገባሁ ታናሽ እኅት ስለነበርኩ፣ ለወሬ አጫዋችነትም ለዕቃ ተሸካሚነትም ተጨምሬ ተከተልኳቸው።

የተከራየነው ክፍል ደረጃው ተወጥቶ ተወጥቶ ሰው ሲታክት የሚገኝ፣ ጣሪያው ዘመም ያለ ክፍል ነበር። እኔ የተኛሁበትን አልጋ ከእነሱ የሚለየው መጋረጃ ነው። አንድ እግሯ በታጠፈ ካርቶን የተደገፈች ጠረጴዛ፣ አንድ የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ፣ ጥቂት ብርጭቆና ሰሐን አለ፤ ምድጃ የለም። በመስኮቱ ቁልቁል ሲታይ ማዶ ለማዶ ያለው ሻይ ቤት ይታያል፤ ከሸራው ጥላ ሥር ጠረጴዛዎች ተደርድረው፣ የአስተናጋጁ መላጣ በመካከላቸው ወዲያ ወዲህ ሲል።

የመጀመሪያውን ቀን ስንዞር ዋልን። ማንም አያስቸኩለንም፤ ደስ ባለን ቦታ እንቆማለን። ጋሼ ደስ ያላቸው ቦታ ግን የልብስ መደብር መስኮት ፊት ብቻ ነበር። «ይህ ትከሻ ነው? የተሰበረ ክንፍ እንጂ!» እያሉ መስታወቱን በጥፍራቸው ያንኳኳሉ። እትዬ ግን ማታ ስንመለስ ሻይ ቤቱ አጠገብ ቆም አለችና፣ የቤት መሥሪያ ቦታ እንደሚመርጥ ሰው ትኩር ብላ አይታ፣ «ነገ ጠዋት ያቺ የጥጓ ጠረጴዛ የእኔ ናት» አለችኝ በሹክሹክታ።

በማግሥቱ ጠዋት ስነቃ እትዬ ለብሳ፣ ተጫምታ፣ ጸጉሯን አበጥራ ቦርሳዋን አንግታለች።

«ወዴት ነው እንዲህ ተሸልሞ?» አሉ ጋሼ ከአልጋቸው ላይ።

«ቁርስ ልበላ ነዋ።»

«የት?»

«እዚህ ማዶ።»

ጋሼ ተነስተው በመስኮቱ ቁልቁል አዩ። «እዚያ? የአስተናጋጁን ኮት አየሽው? የግራ እጅጌው ከቀኙ ይረዝማል። እጅጌ ማስተካከል ያቃተው ሰው እንቁላል ያስተካክላል?»

«እንቁላሉን የሚጠብሰው እሱ አይደለም።»

«ኮቱንም እሱ አልሰፋውም! ግን ለብሶት ሰው ፊት ወጥቷል። ጥፋቱ እሱ ነው።»

«ቃል ገብተህልኛል» አለች እትዬ።

«ቃሌን መቼ አጠፍኩ? ሰው ያቀርብልኛል አልሽ። እኔ ሰው አይደለሁም? ቁርሱን እኔ እሠራዋለሁ፤ አንቺ ቁጭ በይ። በወንደላጤነቴ ማን ያበስልልኝ ነበር መሰለሽ?»

«እናትህ።»

ጋሼ ይህን እንዳልሰሙ አለፉት። እትዬም ጥቂት አሰበችና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ።

«እሺ፣ ቁጭ ብያለሁ። ግን ስማኝ፤ አልነሳም። ማንኪያ ቢወድቅ አልነሳም። ለዚህ ቁርስ እኔን ካስነሳኸኝ፣ ቁርሴን ማዶ ነው የምበላው።» ወደ እኔም ዞራ፣ «አንቺም ወዮልሽ፣ እንዳታግዢው» አለችኝ።

ጋሼ ፎክረው ወጡ። እኔም እሳቸው ሲወጡ ጠብቄ፣ «እትዬ፣ አሁን ዝም ብለን አንሄድም?» ብላት፣ «ተዪው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲናገር ሰምቼዋለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ ሲሠራ ልየው» አለች።

ጋሼ ከጥግ ሱቅ ዳቦ፣ እንቁላል፣ ቲማቲምና ቅቤ ይዘው ተመለሱ፤ ባለሱቁ ዕቃ መጠቅለል እንደማያውቅ እየነገሩን። ከዚያም ሻንጣቸውን ከፍተው ካውያቸውን አወጡ። ጋሼ ካውያ ሳይዙ መንገድ መሄድ ማለት ራቁት መሄድ ይመስላቸው ነበር።

«ይኸው ምድጃ!» አሉ።

እንቁላሎቹን ማንቆርቆሪያው ውስጥ ከላይ ለቀቋቸው። አንደኛው ታች ሲደርስ ቋ ብሎ ተሰነጠቀ፤ ውሃው ደመና መሰለ። «ይህ ለጣዕሙ ነው» አሉ ጋሼ። ዳቦውን የሚቆርጡበት ቢላዋ ሲያጡ እኔ ሞኟ፣ «መቀስዎ አለ አይደል?» ብዬ ተናገርኩ። እንዲህ ያለ ግልምጫ ከዚያ ወዲህ አልገጠመኝም።

«በዚህ መቀስ ዳቦ? ወረቀት ነክቶ የማያውቀውን መቀስ?»

ስለዚህ ዳቦውን በእጃቸው ገነጣጠሉት፤ ፍየል የጋጠው መሰለ። በመካከሉ ቅቤውንና በጣታቸው የጨፈለቁትን ቲማቲም አደረጉና፣ የሱፍ ልብስ ሲተኩሱ በላዩ በሚያነጥፉት ነጭ ጨርቅ ጠቀለሉት። ጠረጴዛው ላይ አስተኝተው ዙሪያውን በመዳፋቸው ደለደሉ።

«ጨው የት አለ?» አሉ ወደ እትዬ ሳይዞሩ።

«የማድ ቤቱ ባለቤት አንተ ነህ። እኔን ምን ትጠይቀኛለህ?»

«እሺ ይህን ጫፉን ብቻ ያዥልኝ። አንድ ጊዜ።»

የእትዬ እጅ ከቦርሳው ላይ ብድግ ሲል አየሁት። ወዲያው ደግሞ፣ ባለቤቱ እንደጠራው ሁሉ፣ ተመልሶ ቦርሳው ላይ ተቀመጠ። «በክርንህ ያዘው» አለቻቸው።

እንግዲህ የሆነው ሁሉ የሆነው ከዚህ በኋላ ነው። ጋሼ ብርጭቆ ውሃ አነሱ፤ አፋቸውን ሞሉ፤ ጉንጫቸውን ነፉ። ሱሪ ከመተኮሳቸው በፊት ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት፣ ፍርርር! ብለው በዳቦው ላይ ረጩት።

«ጋሼ! ዳቦ እኮ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

«ዝም በይ። በደረቁ የተተኮሰ ነገር ያራል። ይህንንም ልታስተምሪኝ ነው?» ሁለተኛም ረጩ። ዳር ዳሩን ሳይረሱ።

ካውያውን አሳረፉና በሙሉ ክብደታቸው ተጫኑት። እንፋሎት ተነሳ፤ የሳሙና፣ የአሮጌ ሱፍና የሚያር ቅቤ ሽታ አንድ ላይ ክፍሉን ሞላው። የጋሼ ፊት ግን በደስታ ይበራ ነበር። ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ አሁንም ወደ ፊት፤ መስመር ያወጡ ነበር። ማንቆርቆሪያውም ጎን ለጎን ይንተከተካል። ወዲያው ከግድግዳው ጠቅ የሚል ድምፅ ተሰማና መብራቱ ጠፋ፤ ካውያውም ማንቆርቆሪያውም ጸጥ አሉ። ከታች ክፍል ሲዘፍን የነበረው ሬዲዮም ዝም አለ።

የአከራያችን ኮቴ ደረጃውን ሲወጣ ሰማን። ባሏ የሞተባት፣ ድምፀ ጎርናና ሴት ናት።

«መብራቱን ማነው ያጠፋው? ደግሞ ይሄ የምን ሽታ ነው፣ ልብስ ተቃጠለ?»

«ቁርስ ነው» አሉ ጋሼ።

ሴትዮዋ ጠጋ ብላ የጨርቁን ጫፍ በሁለት ጣቷ አነሳች። ዳቦው ወረቀት አክሎ፣ መሐል ለመሐል እንደ ሱሪ መስመር ወጥቶለት፣ ከሥሩ ሊጥ ሆኖ፣ በላዩ ላይ የሰማያዊ ሱፍ ብናኝ ተለጥፎበታል።

«ጌታዬ፣ የእኔ ባል ሲሞት እንኳ እንዲህ ተደርጎ አልተገነዘም» አለች።

«መስመሩ ግን ቀጥ ብሏል» አሉ ጋሼ ቀስ ብለው።

ጋሼ እንቁላሉን ሊልጡ ሲሞክሩ፣ ሳይበስል መብራቱ ስለጠፋ፣ ጥሬው በጣቶቻቸው መካከል ወርዶ እጅጌያቸው ውስጥ ገባ። ከዚያው ማንቆርቆሪያ የቀዱት ሻይ ላይ ነጭ አረፋ ይንሳፈፋል። እኔ ለይሉኝታ ከዳቦው ጥግ ቆረስ አድርጌ ቀመስኩ፤ የልብስ መስፊያ ጠመኔ ምን ምን እንደሚል ያወቅኩት ያን ቀን ነው። አከራይዋ በር ላይ እጆቿን አጣምራ ትመለከተናለች። በሌላ ሰው ሥራ ላይ ሲፈርዱ የኖሩት ጋሼ፣ ተራው የእሳቸው ሆኖ ሰው ሲያያቸው አንገታቸው ኮቱ ውስጥ ገባ። ቆይተው ወደ እትዬ ዞሩ።

«በይ ተነሺ፣ በቃ። ቀልዱ ይብቃን። ከሴትዮዋ ምድጃ ተዋሺና ይህን እንቁላል አንድ ነገር አድርጊው። ሰው ፊት አታዋርጂኝ።»

አከራይዋም አዘነችላቸው መሰለኝ፣ «ነይ እኅቴ፣ የከሰል ምድጃ አለኝ፤ መጥበሻም አለ። ለአንቺ ምን ያህል ነው?» አለች።

ለእትዬ እውነትም ምንም አልነበረም። የተበላሸ ነገር ባየች ቁጥር ስትነሳ ነው የኖረችው፤ ቢያርም፣ ቢደፋም፣ ጨው ቢበዛም። ጫማዋ ወለሉን ሲፈልግ አየሁ፤ ቀስ ብላም ተነሳች። የጋሼ ግንባር ወዲያው ዘና አለ፤ መጥበሻው እሳት ላይ የተጣደ ያህል እጃቸውን በፎጣ መጥረግ ጀመሩ።

እትዬ ቦርሳዋን አነገተች። «ለምድጃው እግዜር ይስጥልኝ» አለቻት ሴትዮዋን፤ «ዛሬ ግን እኔም እንግዳ ነኝ።» በሩን አልፋ ደረጃው ላይ ከደረሰች በኋላ ድምፅዋ ተመለሰ፤ «አንቺስ? እዚያ ምን ይጎልትሻል?»

እኔም ተከትያት ሮጥኩ።

የጥጓ ጠረጴዛ አልተያዘችም ነበር። አስተናጋጁ መጥቶ ጎንበስ ሲል እትዬ መጀመሪያ ጉሮሮዋን ጠረገች፤ «ምን ላምጣላችሁ?» ተብላ ስለማታውቅ ይሆናል። ከዚያ ግን አንድ በአንድ አዘዘች፤ የተጠበሰ እንቁላል፣ የሞቀ ዳቦ፣ ሻይ ትኩስ ሆኖ። «ትኩስ» የሚለውን ደገመችው።

ምግቡ ሲደርስ ጋሼም ደረሱ፤ እጅጌያቸው እርጥብ ነው። ወንበር ስበው እንደተቀመጡ አስተናጋጁ፣ «ለጌቶችስ እንቁላል ላምጣ?» አለ።

«እሳቸው ቤት በልተው ነው የመጡት» አለች እትዬ።

ጋሼ እህህ አሉና ሻይ ብቻ አዘዙ። እውነቱን ለመናገር ቁርሱ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። የእንቁላሉ ጠርዝ ደርቋል፤ ቅቤው ሳስቷል። እትዬ ግን እያንዳንዷን ጉርሻ ታላምጣታለች እንጂ ቶሎ አትውጣትም። ጋሼ አላስችል ብሏቸው ሰሐኗ ላይ አጎነበሱ።

«ጠርዙን አየሽው? አሯል እኮ። አንቺ ብትሠሪው እንዲህ አይሆንም ነበር።»

እኅቴን ሲያመሰግኗት ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው፤ ለዚያውም ቁርሷን ሊያበላሹባት ፈልገው።

«አውቃለሁ» አለች እትዬ፣ እየበላች።

ጋሼ ሻያቸውን ፉት ፉት ብለው ጨረሱና ዓይናቸውን መንገዱ ላይ እንዳደረጉ፣ በቤታቸው እንደለመዱት፣ ባዶውን ብርጭቆ ታነሳው ዘንድ ወደ እትዬ ገፋ አደረጉት። እትዬ ብርጭቆውን አየችው። ከዚያም በአንድ ጣቷ ቀስ አድርጋ ወደ እሳቸው መለሰችውና፣ አስተናጋጁ መጥቶ እስኪያነሳው ድረስ ሦስታችንም ጠበቅን።